ከአውሮፕላኗ በፊት የነበረው አውቶቡስ

የሮክ ኤንድ ሮልን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959ን ሳያነሳ አያልፍም። በዚያ ሌሊት በአሜሪካ አዮዋ ግዛት አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን የእርሻ ማሳ ላይ ተከሰከሰች። የ22 ዓመቱ ባዲ ሆሊ፣ የ17 ዓመቱ ሪቺ ቫለንስ፣ «ቢግ ቦፐር» በሚል ስም የሚታወቀው የ28 ዓመቱ ጄ. ፒ. ሪቻርድሰን እና የ21 ዓመቱ አብራሪ ሮጀር ፒተርሰን ሞቱ። ከ12 ዓመት በኋላ ዶን ማክሊን «አሜሪካን ፓይ» በተሰኘው ዘፈኑ ያችን ቀን ለተከታዩ ትውልድ አሻገራት። አውሮፕላኗ ግን የታሪኩ ማብቂያ ናት። ሙዚቀኞቹን ወደ እሷ የገፋቸው ከዚያ በፊት በአውቶቡስ ያሳለፏቸው 11 ቀናት ናቸው፤ እነዚያን ቀናት ሳያውቁ ሞታቸውን መረዳት አይቻልም።

በ1950ዎቹ አዘጋጆች በሬዲዮ የታወቁ በርካታ ድምፃውያንን ሰብስበው በአንድ ቲኬት ማቅረብ ያዘወትሩ ነበር። እያንዳንዱ ጥቂት ተወዳጅ ዘፈኖቹን ተጫውቶ መድረኩን ለባልደረባው ይለቃል፤ ሌሊቱን ሁሉም ወደ ቀጣዩ ከተማ ይጓዛሉ። ሆሊ ይህን ኑሮ ቀምሶታል። በ1957 «ክሪኬትስ» ከተባለው ባንዱ ጋር ሆኖ፣ ቹክ ቤሪና ፋትስ ዶሚኖ በተሰለፉበት ትልቅ ዝግጅት አሜሪካን ዞሯል። ያኔ በአንዳንድ የደቡብ ከተሞች ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ መቆም ስለተከለከለ ነጮቹ ከፊል ዝግጅቶቹን ሳይጫወቱ ቀርተዋል።

በ1958 መገባደጃ ሆሊ ከክሪኬትስም ከሥራ አስኪያጁ ከኖርማን ፔቲም ተለያየ። የዘፈኖቹ ገቢ በዚህ አለመግባባት ተይዞበት ነበር። ኒው ዮርክ የገባው አዲስ ሙሽራ ነው፤ ባለቤቱ ማሪያ ኤሌና ነፍሰ ጡር ናት። እጁ ላይ ገንዘብ ያስፈልገው ስለነበር በብርዱ ወራት መካከል መንገድ ሊወጣ ተስማማ። ሦስት አጃቢዎችም ያዘ፦ ጊታሪስቱን ቶሚ ኦልሳፕን፣ ድራመሩን ካርል በንችንና ዌይሎን ጄኒንግስን። ጄኒንግስ የሬዲዮ አቅራቢ ነበር፤ ባስ ጊታር መጫወት የተማረው ለዚሁ ጉዞ ሲል በሁለት ሳምንት ገደማ ነው።

«ዊንተር ዳንስ ፓርቲ» የተባለው ጉዞ በእኛ አቆጣጠር ጥር 15 ቀን 1951 ዓ.ም. በዊስኮንሰኗ ሚልዋኪ ተጀመረ። ሆሊ፣ ቫለንስ፣ ቢግ ቦፐር፣ ፍራንኪ ሳርዶ እንዲሁም ዳየን እና ቤልሞንትስ የተባለው የኒው ዮርክ ቡድን አብረው ተሳፈሩ። የሆሊ ሦስት አጃቢዎች ለሁሉም ይጫወቱ ነበር። ዕቅዱ በ24 ቀናት ወደ 24 የሚጠጉ ከተሞችን ማዳረስ ነው። ካርታ ላይ ሲታይ ግን ጉዞው ቅደም ተከተል የለውም። ጃንዋሪ 30 አዮዋ ውስጥ ፎርት ዶጅ ተጫወቱ፤ በማግስቱ ወደ ሰሜን ወጥተው በታላቁ የሱፒሪየር ሐይቅ ዳር በምትገኘው ዱሉዝ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው ዊስኮንሰን ውስጥ ግሪን ቤይ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሰው አዮዋ ክሊር ሌክ ገቡ። ክሊር ሌክ ከፎርት ዶጅ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ይህን ሰንጠረዥ ያወጡት ሰዎች መንገዱን በእግራቸውም በመኪናም አልለኩትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አውቶቡሶቹ ያረጁ ነበሩ፤ አንዱ ሲበላሽ በሌላ ይተካል፣ ማሞቂያውም ይቆማል። ከዱሉዝ በወጡበት ሌሊት ሰሜን ዊስኮንሰን ውስጥ ሞተሩ ቀጥ አለ። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነበር። ሙዚቀኞቹ አውቶቡሱ ውስጥ ጋዜጣ እያነደዱ ሞቁ። ዳየን እሱና ሆሊ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተጠቅልለው ይጓዙ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። በንችን እግሩን ውርጭ መታውና ሚሺጋን ውስጥ በአይረንውድ ከተማ ሆስፒታል ቀረ።

ያለ ድራመር የቀረው ቡድን አንድም ዝግጅት በዚህ ሰበብ አላጎደለም። ቫለንስ፣ የቤልሞንትሱ ካርሎ ማስትራንጄሎና ሆሊ ራሱ እየተፈራረቁ ድራም መቱ። በፖስተር ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈ ዘፋኝ የራሱን ተጫውቶ ሲጨርስ ከባልደረባው ጀርባ ተቀምጦ ያጅብ ነበር። በገበያ ተፎካካሪ የሆኑ ወጣቶች በመንገድ ላይ ቤተሰብ ሆኑ። ታዳሚው የሚያየው ደግሞ ሙሉ ዝግጅት ነው፤ በዱሉዝ ከታዳሚዎቹ አንዱ በኋላ ቦብ ዲላን ተብሎ የሚታወቀው የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በ2017 ባቀረበው የኖቤል ንግግሩ ያን ምሽት አስታውሶታል።

ፌብሩዋሪ 2 በመጀመሪያው ዕቅድ ክፍት ቀን ነበር። አዘጋጆቹ ግን የክሊር ሌኩን ሰርፍ ቦልሩም ሞሉበት፤ ዕረፍቱም ቀረ። ቀጣዩ ከተማ ሚኒሶታ ውስጥ ያለችው ሙርሄድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሆሊ ልብሱን ማሳጠብና አንድ ሌሊት ማረፍ ፈልጎ ለራሱና ለአጃቢዎቹ አውሮፕላን ተከራየ፤ ዋጋው ለአንድ ሰው 36 ዶላር ነው። ቢግ ቦፐር ጉንፋን ይዞት ስለነበር ጄኒንግስ ቦታውን ለቀቀለት። ኦልሳፕና ቫለንስ ሳንቲም ወርውረው ዘውድና ጎፈር ተጣጣሉ፤ ዕጣው ለቫለንስ ወጣ። በሞት የተጠናቀቀው ልውውጥ ሲጀመር ለታመመ ጓደኛ የተደረገ ደግነት ነበር።

አውሮፕላኗ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ለክሊር ሌክ ቅርብ ከሆነችው ከሜሰን ሲቲ ተነስታ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ወደቀች፤ ፍርስራሹ የተገኘው ጠዋት ነው። የአሜሪካ ሲቪል አየር ቦርድ አብራሪው በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ብቁ እንዳልነበረና ስለ አየሩ ሁኔታ የተሰጠው መረጃ እንደጎደለው አረጋገጠ።

በዚያው ምሽት ሙርሄድ ላይ ዝግጅቱ አልተሰረዘም። በኋላ ቦቢ ቪ በሚል ስም የታወቀው የ15 ዓመት ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ክፍተቱን ሞላ። የቀሩት ተጓዦች በአዳዲስ ዘፋኞች ተደግፈው እስከ ፌብሩዋሪ 15 ድረስ መንገዱን ጨረሱ፤ በንችም ከሆስፒታል ወጥቶ ተቀላቀላቸው። ማሪያ ኤሌና ፅንሷ ጨነገፈ። ጄኒንግስ የካንትሪ ሙዚቃ ትልቅ ስም ሆነ፤ ለሆሊ በቀልድ «አውሮፕላናችሁ ይከስከስ» ማለቱ ግን ለዓመታት ሲጸጽተው ኖረ።

ሰርፍ ቦልሩም ዛሬም ቆሟል። ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ መታሰቢያ ይደረግበታል፤ በ2021 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሏል። መታሰቢያው ይገባቸዋል። የቦርዱ ሪፖርት አውሮፕላኗ ለምን እንደወደቀች መልሷል፤ የደከሙ፣ የታመሙና የበረዳቸው ወጣቶች በዚያ አየር ለመብረር ለምን እንደተገደዱ ግን የሚመልሰው የጉዞ ሰንጠረዡ ነው። ያቺን ዕረፍት ያልሞላባቸው፣ ማሞቂያው የሚሠራ አውቶቡስ ያቀረበላቸው፣ ከተሞቹን በቅደም ተከተል ያሰለፈላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ሆሊ አውሮፕላን የሚከራይበት ምክንያት አልነበረውም። ሙዚቀኛ ቀጥሮ መንገድ የሚያስወጣ ሁሉ፣ በየትም አገር፣ ከቲኬቱ ሽያጭ አስቀድሞ የመንገዱን ርዝመትና የተጓዦቹን እንቅልፍ ማስላት ግዴታው ነው።