ከትግራይ ጣቢያዎች እስከ ካምፓላ፦ የአንድ የወባ ጥናት ውጤትና የተፈጻሚነቱ ወሰን

አንድ ሙከራ በተካሄደበት ስፍራ እውነተኛ ውጤት ማስገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ያው ውጤት በሌላ ስፍራና በሌላ ጊዜ ይገኛል ወይ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያውን ውስጣዊ፣ ሁለተኛውን ውጫዊ ተአማኒነት በማለት ለይቷቸዋል። በአገራችን ለዚህ ልዩነት ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው በትግራይ የተካሄደው የወባ ጥናት ነው።

መቀመጫው መቀሌ የሆነው የትግራይ ጤና ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ኅብረተሰቡን ያሳተፈ የወባ መቆጣጠር ሥራ ያካሂድ ነበር። ከ1994 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት 735 በጎ ፈቃደኛ የጤና ሠራተኞች በዓመት በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጉ ሕመምተኞች ሕክምና ሰጥተዋል።

ገብረየሱስ ኪዳነና ሪቻርድ ሞሮው ጥናታቸውን ያካሄዱት በዚህ መሠረት ላይ ነው። በሁለት ወረዳዎች የሚገኙ 24 ጣቢያዎች በሕጻናት ሞት መጠን ተመሳሳያቸው ጋር ተጣምረው፣ ከየጥንዱ አንዱ በዕጣ ተመረጠ። በተመረጡት ጣቢያዎች የሠለጠኑ አስተባባሪ እናቶች ጎረቤቶቻቸውን የወባ ምልክቶችን መለየትና ክሎሮኪን በቤት መስጠት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 1,000 ሕጻናት መካከል በእነዚህ ጣቢያዎች 29.8፣ በማነጻጸሪያዎቹ ግን 50.2 ሞቱ። ሞት በ40 በመቶ መቀነሱን የሚያሳየው ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2000 በላንሴት መጽሔት ታተመ።

ጥናቱ በውስጣዊ ተአማኒነቱ ጠንካራ ነበር። ሆኖም ውጤቱን ያስገኘው መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም። ወባ የበረታበት ገጠር፣ ከጤና ተቋም መራቅ፣ አስቀድሞ የተደራጀ የበጎ ፈቃደኞች መረብ፣ እንዲሁም እናት ከእናት የምትማርበት ጉርብትና አብረው ሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ውጤቱም ሊለወጥ ይችላል።

በኡጋንዳ ርእሰ ከተማ በካምፓላ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ የዕጣ ምደባ ጥናት ይህን አሳይቷል። በዚያም አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ለቤተሰቦች ሲሰጥ የሕክምናው ብዛት ወደ እጥፍ ተቃረበ፤ በሕጻናቱ ጤንነት ላይ የታየው ለውጥ ግን አነስተኛ ነበር። የወባ ስርጭት ዝቅተኛ በሆነበት ከተማ አብዛኛው ትኩሳት ወባ ስላልሆነ፣ መድኃኒቱ ያለ አስፈላጊነት ይሰጥ ነበር።

ጊዜም እንደ ቦታ ወሰን ያበጃል። በክሎሮኪን መላመድ ምክንያት ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ የሚሰጠውን መድኃኒት ለወጠች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አርቴሜተር ሉሜፋንትሪንን መረጠች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት ወባ በምርመራ እንዲረጋገጥ መክሯል።

ስለዚህ ከትግራይ ጥናት ወደ ሌላ ስፍራ የሚሻገረው 40 በመቶ የሚለው አኃዝ አይደለም። የሚሻገረው፣ ሕጻኑ ዘንድ ፈጥኖ የሚደርስ ውጤታማ ሕክምና ሕይወት ያድናል የሚለው መርሕ ነው። መርሑ የሚሠራባቸው ሁኔታዎች መሟላታቸውን መመርመር ግን የውሳኔ ሰጪው ኃላፊነት ነው።