ልጁን አትዘሉት

መካነ ኢየሱስ ያደግን ሰዎች ቃሬዛን በደንብ እናውቀዋለን። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ሕመምተኛ ወደ ከተማ የሚመጣው በጎረቤት ትከሻ ነው። ከዛፍ የወደቀ ትንሽ እረኛ ግን ቃሬዛ አይጠበቅለትም። «ልጅ አይደል፣ ቀላል ነው» ተብሎ ይታዘላል፤ አለዚያም ወጌሻ ተጠርቶ ጀርባው ይታሻል። የዛሬው ጨዋታችን እዚህ ላይ ነው።

ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ እግርም ሽንትም አይታዘዝም። የጥንት ግብጾች ከ3,500 ዓመት በፊት በጻፉት የሕክምና ጽሑፍ ይህን ጉዳት ከማይታከሙት መድበውታል። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስም ፍርዱ ብዙ አልተለወጠም። የሚገርመው፣ ከአደጋው የተረፈውን ሰው በኋላ የሚገድለው በአብዛኛው ተኝቶ በመቆየት የሚመጣ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ከናዚዎች የሸሸው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ ለእነዚህ ሕሙማን ክፍል ከፈተ። ዘዴው ተአምር አልነበረም፦ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሽንትን በንጽህና ማስወጣት፣ ስፖርት ማሠራት። ሞት የተፈረደበት ሰው መኖር ጀመረ።

የእኛው አበበ ቢቂላም በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጣ ሽባ ሲሆን የተላከው እዚያው ነው። በ1962 ዓ.ም. ዊልቸር ላይ ሆኖ በስቶክ ማንደቪል የቀስት ውድድር ተካፈለ።

የልጆች ነገር ደግሞ የባሰ ረቂቅ ነው። ፓንግና ዊልበርገር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳዩት፣ የልጅ አከርካሪ ስለሚለጠጥ አጥንቱ ሳይሰበር ህብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል። ራጁ «ደህና ነው» እያለ ልጁ ሽባ ሊሆን ይችላል። ምልክቱም አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ አበበ አውሮፕላን ነበረው፤ የእስቴ እረኛ ያለው ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ግን ማወቅ የሚችለው ነገር አለ፦ ልጁን አለማዘል፣ አለማሸት፣ አለማስቀመጥ፤ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን እኩል ይዞ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ማስተኛት። እግሩ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለው፣ ራጁ ምንም ይበል ምን፣ ለሐኪሙ አጥብቆ መንገር።

ቃሬዛውን የሚሠራ እጅ አገራችን ሞልቷል። ለልጅም ይሠራ ነው የምንለው።