የለገሃር ሰዓትና ኮከብ ቈጠራ

ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃም በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያ ባቡሩ ይነሣ የነበረው በተወሰነለት ሰዓት ነው፤ የተሳፋሪው ኮከብ ሐመል ይሁን ሚዛን የሚጠይቅ አልነበረም። ታዲያ ሰዓትን የሚያምን ሰው ለመንገድና ለጋብቻ ስለ ምን ኮከብ ያስቈጥራል?

ብዙዎች «ባለመማር ነው» ይላሉ። ይህ መልስ አያጠግብም። ጥርጣሬውም ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር የመጣ አይደለም፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ጥንቈላን በብርቱ ተቃውመዋል። በበኩሌ እምነቱን ያጸናው አንዱ ምክንያት የስሌቱ መልክ ይመስለኛል።

ዐውደ ነገሥት የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቍጥር ለውጦ ይደምራል፤ በ12 ገድፎ በቀረው ኮከቡን ይሰይማል። ባሕረ ሐሳብም ዓመተ ዓለምን በ19 ገድፎ፣ ከቀረው ተነሥቶ ወደ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ከዚያም ወደ ፋሲካ ይደርሳል። በየዓመቱ በዓሉን የሚያወጣለትን ስሌት ያከበረ ሕዝብ፣ የሚመስለውንም ቢያምን አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ ትልቅ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ባሕረ ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ስምን ግን ያወጣው ወላጅ ነው፤ ስሙ ቢለወጥ ኮከቡም ሊለወጥ ነው።

የባቡር ሰዓት መነሻን እንጂ በደኅና መግባትን አይነግርም። ሰው ኮከብ የሚያስቈጥረው ስለዚህኛው ሠግቶ ነው። ሥጋቱን ሳንንቅ፣ ተፋቃሪዎች በ12 ተገድፎ በቀረ ቍጥር እንዳይለያዩ፣ ሁለቱን ስሌቶች ለይቶ ማስረዳት የተማሪ ፈንታ ነው።