ዱካን የተከተለች ካሜራ

ከኮንሶ ወርዶ ወይጦን የተሻገረ መንገደኛ ወደ ቱርሚ ሲያመራ በአርቦሬ ሜዳ ያልፋል፤ ከሜዳው በስተ ምዕራብ ከፍ ብሎ የሚታየው የሐመር ተራራ ነው። አንትሮፖሎጂስቶቹ ጂን ሊዳልና ባለቤቷ ኢቮ ስትሬከር እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ሐመር የዘለቁት ለጥናት እንጂ ለፊልም አልነበረም።

በዚያ ጊዜ በሐመር ካሜራን በሰፊው የተጠቀመው አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ሮበርት ጋርድነር ነበር። በ1974 የወጣው «የአሸዋ ወንዞች» የተሰኘው ፊልሙ የሐመርን ሴት ከሁሉ በፊት የወንድ ጭቆና ተሸካሚ አድርጎ ያሳያል። ስትሬከር ይህን አተያይ ኋላ በጽሑፍ ነቅፎታል፤ የከብት ዝላይን ሥርዓት የሚያሳይ የራሱንም ፊልም በ1979 አወጣ። የዚያ ዘመን 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ውድ ነበር፤ አንድ የ400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ገደማ ቀርጾ ያልቃል። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚቀርጽ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

የሊዳል ሥራ ጎልቶ የወጣው ከ1990 ወዲህ ነው። ከቢቢሲዋ ጆአና ሄድ ጋር ሦስት ፊልሞች ሠራች። በመጀመሪያው የሐመር ሴቶች ስለ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ይስቃሉም። በ1991 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ዱካ የተባለች ሴት ለጋብቻ የምትዘጋጅ ልጃገረድ ናት፤ በ1994ቱ ደግሞ ሳጎ የተባለ ሰው ሚስት ሆናለች። (ሦስቱን የጣቢያ ሥራ ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው ቋንቋውን ለዓመታት ያጠናችውን ሊዳልን ይዘነጋል።)

በ2001 የወጣው «የዱካ ጭንቀት» ከእነዚህ ይለያል። የጣቢያው ጓድ የለም፤ ካሜራውን የያዘችው በልጅነቷ ሐመር የኖረችው ልጃቸው ካይራ ናት። ዱካ የአምስት ልጆች እናት ሆናለች፣ ሳጎም ሌላ ሚስት አግብቷል። «ለምን አገባብኝ? አርጅቼ ይሆን? ታምሜ ስለነበር ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ሰላም ነሥቷታል። አዲሷ ሚስት ስትወልድም ካሜራው እዚያው ነው። የዚህ ፊልም ወጪ እንዲያንስ ያደረገው የመሣሪያው መርከስ ብቻ አይመስለኝም፤ አስተርጓሚ የማያስፈልገው፣ ምጥ ካለበት ቤት የማይባረር ቤተ ዘመድ ለማፍራት ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል።

ቢሆንም ካሜራው አሁንም በእንግዳ ልጅ እጅ ነበር። የደቡብ ኦሞ ተወላጅ ራሱ የቀረጸው ሥራ ለማየት ወደ ሙርሲ ምድር መሄድ ያሻል፦ ኦሊሳራሊ ኦሊቡዪ ከቤን ያንግ ጋር የሠራው «ሹቲንግ ዊዝ ሙርሲ» በ2009 ወጣ። ኦሊሳራሊ በዚያ ፊልም ክላሽንኮቭም ካሜራም ይዟል።