ትርፍ ገደብ በምን ይታወቃል?

በመሥሪያ ቤት አንድ መመሪያ በሌላው ላይ ሲደረብ ማየት ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተደራረቡትም መካከል አንዱ ቢነሣ በሥራው ላይ ምንም ለውጥ የማይታይበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን የሒሳብ ሊቃውንት ትርፍ ገደብ ይሉታል፤ ትርፍነቱንም የሚያረጋግጡት በፈተና እንጂ በግምት አይደለም።

የነገሩ ምንጭ ሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉርዬ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ፣ «ከዚህ አይበልጥም» የሚሉትን የሒሳብ ገደቦች መፍቻ መንገድ አሳየ። ነገር ግን በዚያ መንገድ እርምጃው በጨመረ መጠን አዳዲስ ገደቦች እንደ አረም ይበቅላሉ፤ ብዙዎቹም ትርፍ ናቸው። በ1939 ሌኦኒድ ካንቶሮቪች በሌኒንግራድ ስለ ፋብሪካ ሥራ ዕቅድ ጻፈ፤ በ1947 ደግሞ ጆርጅ ዳንሲግ ለአሜሪካ አየር ኃይል ሲሠራ ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ አገኘ። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የተባለው ትምህርት በዚህ ተስፋፋ። በ1975ም ብሪርሊ፣ ሚትራና ዊሊያምስ ኮምፒዩተሩ ዋናውን ሒሳብ ሳይጀምር ትርፉ የሚጣራበትን ሥርዐት አቀረቡ።

ፈተናው ይህ ነው፤ የተጠረጠረውን ገደብ ለጊዜው አውጡት። በቀሩት ገደቦች ውስጥ ሆናችሁ እርሱ የሚወስነውን መጠን እስከሚቻለው ድረስ አሳድጉት። ከተወሰነለት ልክ ካላለፈ ገደቡ ትርፍ ነው፤ ካለፈ ግን ሥራ አለው ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል በጨፋ ሮቢት አቅራቢያ 100 ሄክታር መሬት አለ እንበል። ቦርከና የሚያረጥበው የጨፋ ሜዳ፣ በበጋ የአካባቢው የኦሮሞ ከብትና ከቆላ የሚመጣው የአፋር ከብት የሚሰማራበት ነውና፣ 20 ሄክታር ለሣር ይቆይ፣ ከ80 በላይም አይታረስ ተብሎ ተወሰነ። ለአንድ ሄክታር ጤፍ 40፣ ለማሽላ 30 የሥራ ቀን ያስፈልጋል፤ ያለው የሰው ጉልበት 2,100 ቀን ነው። ሁሉም ማሽላ ቢዘራ እንኳ ከ70 ሄክታር አይታለፍም። ስለዚህ የሣሩ ገደብ ትርፍ ነው።

አንድ ጸሓፊ ይህን አይቶ ገደቡን ሰረዘው እንበል። በማግሥቱ ትራክተር መጥቶ ድካሙን በግማሽ ቢቀንሰው፣ ጉልበቱ ለ140 ሄክታር ማሽላ ይበቃል፤ መቶውም ሄክታር ይታረሳል፣ ሣሩም ይጠፋል። ገደቡ ትርፍ የነበረው የጉልበቱ ገደብ እስካለ ድረስ ብቻ ነበር።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቦርከና በሚገባበት በአዋሽ ሸለቆ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የጥጥ እርሻ እየሰፋ ሲሄድ፣ የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን አጡ። በ1965 ዓ.ም. ድርቅ በጸና ጊዜም መሸሻ አጥተው ከብቶቻቸው በብዛት አለቁ።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ ሁለት ነገር ልብ በሉ። መንታ የሆኑ ሁለት ገደቦች እያንዳንዳቸው ትርፍ ይመስላሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መሰረዝ ግን አጥሩን ማፍረስ ነው። ደግሞም ትርፍ የተባለውን ስትሰርዙ፣ ትርፍ ያደረገው የትኛው ገደብ እንደ ሆነ በመዝገቡ አጠገብ ጻፉ። ያ ገደብ በተለወጠ ዕለት የተሰረዘው እንደገና ይመረመር ዘንድ ይገባል።