የቃል ማብራሪያ፦ አገር-ልክ ዋጋ

በአዲስ አበባው የዓለም ባንክ ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው፣ ባነር የሚያትመውና የቤት ፕላን የሚሠራው ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። እነዚህ ቤቶች ሁለት ዓይነት ዕቃ ይገዛሉ። አንዱ በእጅ የሚዳሰስ ነው፤ ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ሞኒተር። ሌላው ውስጡ የሚጫነው ሶፍትዌር ነው። የሁለቱም ዋጋ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሰዉም ለሁለቱ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ «ዶላር ጨመረ» ይባላል። እኔ ግን ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ጎድቶናል እላለሁ። ሁለተኛው የራሱ ስም ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ የሚዳሰሰውን እንይ። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ዋጋ አዲስ አበባ እስኪደርስ በየጣቢያው ይደመርበታል። የጭነትና የኢንሹራንስ ወጪ አለ፤ የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ አለ፤ የጉምሩክ ክፍያ አለ። የጉምሩኩ ክፍያ አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር ነው። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በፋብሪካ ዋጋው ላይ ብቻ ሳይሆን ጭነቱም፣ ኢንሹራንሱም፣ ቀረጡም ተደምረው በሚገኘው ድምር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲንጋፖር ላይ የተደረሰው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስምምነት ፈራሚ አገሮች በኮምፒውተርና በክፍሎቹ ላይ የሚጥሉትን ቀረጥ እንዲያነሡ አድርጓል፤ ስምምነቱ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት የገቡበት ነው። ኢትዮጵያ ግን ያኔ አባል አልነበረችም፤ ወደ ድርጅቱ ለመግባት ያመለከተችው ስምምነቱ ከተፈረመ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ የምንዛሪው ጣጣ ይጨመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲወሰን የባንኩ ዋጋ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የላፕቶፕ ዋጋ ግን በዚያው ልክ እጥፍ አልሆነም። ባንክ ደጅ ጠንቶ ዶላር ያጣ አስመጪ አስቀድሞም ዕቃውን የሚያስመጣው በትይዩው ገበያ ዶላር ነበር፤ የሚሸጠውም በዚያው አስልቶ ነው። በሌላ አነጋገር የላፕቶፑ ገዢ የብርን መውረድ ከውሳኔው በፊት ሲከፍል ቆይቷል። እንዲህ ያለው ልዩነት ምንም ቢያስመርር ምንጩ ይታወቃል። እያንዳንዱ ጭማሪ የት እንደገባ ደረሰኝ ይዞ መከታተል ይቻላል።

ሶፍትዌር ግን በመርከብ አይመጣም፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አያድርም፣ አንድ ቅጂ ለመጨመር ለአምራቹ የሚያስወጣውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ታዲያ ዋጋው በየአገሩ የሚለያየው ለምንድን ነው? ሻጩ ስለወሰነ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን «ሪጅናል ፕራይሲንግ» ይሉታል። ኢኮኖሚስቶች ደግሞ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ ከዘረዘራቸው ሦስት ዓይነት ዋጋ የመለያየት ስልቶች በሦስተኛው ሥር ያስገቡታል፤ ገዢዎችን በቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ የተለየ ዋጋ መጠየቅ ነው።

በአማርኛ «አገር-ልክ ዋጋ» ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል። ትርጉሙም ይህ ነው፤ አንድ ሻጭ ያንኑ ዕቃ፣ የማቅረቢያ ወጪው ሳይለወጥ፣ እንደየአገሩ ገዢ የመክፈል አቅም ለይቶ የሚቆርጠው ዋጋ። በልክ የተሰፋ ልብስ እንደምንለው፣ የአገሩ አቅም ተለክቶ የተቆረጠ ማለት ነው። «የዋጋ ልዩነት» የሚለው አይበቃም፤ ጭነትና ቀረጥ ያመጡትንም ልዩነት ይጠቀልላልና። «የዋጋ አድልዎ» ደግሞ ከወዲሁ ይፈርዳል። ልክ ሊጠብም ሊሰፋም ስለሚችል አገር-ልክ ዋጋ ድኻውን ሊጠቅምም፣ ባለጠጋውን ሊመዘብርም ይችላል።

ምዝበራው ገሃድ የወጣው አውስትራሊያ ላይ ነው። የአገሪቱ ፓርላማ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2013 የአፕልን፣ የአዶቢንና የማይክሮሶፍትን ኃላፊዎች ጠርቶ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት አውስትራሊያውያን ለአንድ ዓይነት ምርት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 በመቶ ጭማሪ እንደሚከፍሉ አስፍሯል። ከኢንተርኔት በቀጥታ ለሚወርድ ሶፍትዌር ርቀት ሰበብ ሊሆን አይችልም ነበር። ኩባንያዎቹ ያዩት የአውስትራሊያውያንን ኪስ ነው።

የመጥበቡን ወገን ደግሞ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እንደ ታይላንድ፣ ኢንዶኔዥያና ሕንድ ላሉ አገሮች «ስታርተር ኤዲሽን» የሚል ርካሽ ዊንዶውስ አወጣ። ርካሹ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ፕሮግራም አያስከፍትም ነበር። ሦስት ላይ የሚያቆም ዊንዶውስ ለመሥራት የሚወጣው ወጪ አያንስም፤ ገደቡ የተበጀው ሙሉ ዋጋ መክፈል የሚችለው ሰው ወደ ርካሹ እንዳይሸሽ ነው። አገር-ልክ ዋጋ ያለ አጥር አይቆምም።

አጥሩ አንዳንዴ በሚዳሰሰው ዕቃ ላይም ይሠራል። ኤች ፒ የፕሪንተሮቹን ቀለም በዓለም ክፍል ለያይቶ ይሸጣል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ፕሪንተር እዚያ በተሸጠ ካርትሪጅ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ለሌላ የዓለም ክፍል የተሠራ ካርትሪጅ ሲገባበት ላይቀበለው ይችላል። ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀለሙ አስመስሎ የተሠራ ሊመስለው ይችላል፤ ካርትሪጁ ግን እውነተኛ ሆኖም የሌላ ገበያ ነው።

ወደ እኛው ጉዳይ እንመለስ። አንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪ አውቶካድ የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር በነፃና በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ይችላል፤ አምራቹ አውቶዴስክ ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለተማሪና ለመምህር በነፃ ሰጥቷል። ልጁ አምስት ዓመት እጁን ሲያፍታታበት የኖረው መሣሪያ ዲግሪውን ተቀብሎ ሲወጣ በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንዴ ተገዝቶ የሚቀመጥ ቅጂም የለም፤ ኩባንያው እሱን መሸጥ ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ዶላሩን በ140 ብር ብናሰላው 280,000 ብር ይመጣል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የተቆረጠው ደመወዝ በወር 11,500፣ በዓመት 138,000 ብር ነው። ልጁ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ ግብር ሳይቆረጥበት የሁለት ዓመት ገደማ ደመወዙን ቢሰጥ የሚያገኘው የአንድ ዓመት ፈቃድ ነው። አሜሪካ ላለ አርክቴክት ይኸው ገንዘብ የአንድ ሳምንት ገደማ ደመወዝ ነው።

ስለዚህ በየሱቁ «ክራክ» የሚባለው ፈቃድ አልባ ቅጂ ይጫናል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ እኩል በቅጂ መብት ይጠብቃል። ልጁን በሌብነት ብቻ የሚከስሰው ሰው ግን ያን ሒሳብ አብሮ ያስላ። ዋጋው የእሱን አገር አቅም ለክቶ የወጣ አይደለም። እኛን ያቃጠለን አገር-ልክ ዋጋ መኖሩ አይደለም፤ ለእኛ አለመኖሩ ነው። ኢትዮጵያ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የራሷ መስመር ስለሌላት የባለጠጎቹን የዶላር ዋጋ እንዳለ ትከፍላለች።

ኩባንያዎቹስ መስመር የማይከፍቱልን ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት የገበያው ትንሽ መሆን ነው። ቀጥሎ ገንዘቡ አለ፤ በብር የተቀበሉትን ወደ ዶላር መልሰው ማውጣት አለባቸው። የጨዋታ መሸጫው ስቲም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የአርጀንቲናን ፔሶና የቱርክን ሊራ ትቶ በዶላር ማስከፈል የጀመረው የሁለቱ ገንዘብ ምንዛሪ አልረጋ ስላለው ነው። ብር ከስቲም የገንዘብ ዝርዝር ውስጥ ቀድሞም አልነበረም።

ይቻላል ወይ ለሚለው ምስክር አለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ «ሂናሪ» የተባለውን የሕክምና መጽሔቶች መዳረሻ ሲከፍት፣ የየአገሩ ድርሻ የተለየው ሰፈራችን ስሙን በወረሰው ተቋም፣ በዓለም ባንክ የነፍስ ወከፍ ገቢ አኃዝ ነበር። ኢትዮጵያ ዋጋው ዜሮ በሆነው ምድብ ገባች። የሐኪም ቤትና የዩኒቨርሲቲ አንባቢዎቻችን ከዚያ ወዲህ እጅግ ውድ የሆኑ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ አንብበዋል። አሳታሚዎቹም አልከሰሩም፤ ያ ገበያ ቀድሞም አይገዛቸውም ነበርና።

ለሶፍትዌርም ተመሳሳዩን መጠየቅ ያለበት ብቻውን የቆመ ባለ ሱቅ አይደለም። የአርክቴክቶችና የመሐንዲሶች ማኅበራት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና በጅምላ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድነት ሲቀርቡ ሻጩ የሚያየው ገበያ ይሰፋል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴሌብር ስላለ በብር የመሰብሰቢያው መንገድ እንደ ቀድሞው ዝግ አይደለም። እስከዚያው ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለሦስት አውታር ሥዕል ብሌንደር በነፃ አሉ፤ ሊብሬኦፊስ ገጽታው በአማርኛም ይገኛል። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ የግዥ ባለሙያ ደግሞ ከ«ጠቅላላ ዋጋ» በታች አንድ መስመር ጨምሮ «ለኢትዮጵያ ያወጣችሁት አገር-ልክ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከዛሬ ጀምሮ ይችላል።