ለወላጅ ማንበቢያ ከመግዛታችሁ በፊት

«ለአባቴ ማንበቢያ የትኛውን ልግዛላቸው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። መልሱ ያለው ከዋጋው ይልቅ በፊደላችን ታሪክ ውስጥ ነው።

በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ፣ ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ወጣ። ዩኒኮድ ውስጥ የገባነው ግን በ1999፣ ከ486 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ኮድ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ያንዱ ጽሑፍ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን የሚወዷቸው የድሮ መጻሕፍት ዛሬ እጃችን የሚገቡት በአብዛኛው ገጻቸው እንደ ፎቶ ተነስቶ፣ በፒዲኤፍ ነው። ፎቶ ላይ ደግሞ ፊደሉን ብቻ ማተለቅ አይቻልም፤ ገጹ አብሮ ይሰፋል። አባቴ በባለ 6 ኢንች ማንበቢያ አንዷን መስመር ለመጨረስ ገጹን ወዲያ ወዲህ ሲጎትቱ ሰልችቷቸው ማንበቡን ሊተዉት ነበር። በባለ 10 ኢንች ታብሌት ግን ሙሉ ገጹ ይታያቸዋል።

እናም የሚወዱትን አንድ ፒዲኤፍ በፍላሽ ይዛችሁ፣ እሳቸውንም አስከትላችሁ ሱቅ ሂዱ። እዚያው ከፍተው ሁለት ገጽ ያንብቡበት። መነጽራቸውን እንዳይረሱ!